የኬሚስትሪ ሒሳብ እንዴት ተደላደለ? ከሚዛን እስከ ቍጥር

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ የምናነሣው ጕዳይ ከሥሩ ካልተያዘ የማይጨበጥ በመሆኑ፥ አባባሉ ለመግቢያ የሚስማማ ነው። ጕዳዩም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚገኙ ልጆቻችን የሚሰጠው የኬሚስትሪ ሒሳብ ነው። ይህን ያህል ግራም ካርቦን ቢቃጠል ስንት ግራም ኦክስጂን ይፈጃል? ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ተዋሕደው ስንት ግራም ውሃ ይሰጣሉ? እነዚህን የመሳሰሉ ጥያቄዎች በየደብተሩ ተጽፈው ይገኛሉ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ መልሱን የሚያወጡት መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን መንገድ በቃል አጥንተው ነው እንጂ፥ ቍጥሮቹ ከየት እንደ መጡ መርምረው አይደለም። አባትም ደብተሩን ገልጦ ካየ በኋላ፥ «ይህ የኔ ትምህርት አይደለም» ብሎ ለልጁ ይመልስለታል።

ነገር ግን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ይዞ ገቢና ወጪን ሲያመዛዝን ለሚውል ሰው፥ ይህ ሒሳብ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም። መሠረቱን ያጸናው ሰው ራሱ በግብርና በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነውና። መሠረቱ ከተጣለም በኋላ ሕንጻው እስኪደላደል ድረስ ሊቃውንት ሃምሳ ዓመት ያህል ተከራክረዋል። የተከራከሩትም ሚዛናቸው ስላልተስማማ አልነበረም። ሚዛኑ የሚናገረውን ሁሉም ሰምተዋል፤ ያልተስማሙት በሚቈጠረው ነገር ላይ ነበር። ታሪኩን በየተራው እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ሚዛን

አንቷን ሎራን ላቯዚዬ በ1743 በፓሪስ ተወለደ። በወጣትነቱ የተማረው ሕግ ነበር፤ ልቡ ግን ወደ ተፈጥሮ ምርመራ አዘነበለ። በ1768 ለፈረንሳይ ንጉሥ ግብር በኮንትራት ከሚሰበስበው ማኅበር ውስጥ ድርሻ ገዛ፤ በ1775 ደግሞ ከመንግሥቱ የባሩድ አስተዳደር ሹማምንት አንዱ ሆነ። ከዚህ ሥራ ያገኘውንም ገንዘብ በብዛት ያዋለው ረቂቅ ሚዛኖችንና የመመርመሪያ ዕቃዎችን በማሠራት ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የነበሩት ብዙዎቹ ሊቃውንት፥ አንድ ነገር ሲቃጠል «ፍሎጂስቶን» የተባለ ረቂቅ ነገር ከውስጡ ይወጣል ብለው ያስተምሩ ነበር። ዳሩ ግን ማዕድን በእሳት ሲቃጠል ወደ ዱቄትነት ይለወጥና ክብደቱ ይጨምራል። አንድ ነገር ከውስጡ የወጣበት ዕቃ እንዴት ክብደት ይጨምራል? ከካዝና ገንዘብ ወጪ ሆኖ ቀሪው ከቀድሞው በልጦ ቢገኝ፥ በእናንተ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ተቈጣጣሪው ምን ይል ነበር? «ያልተመዘገበ ገቢ አለ» ይል ነበር። ላቯዚዬም ያለው ይህንኑ ነው። ያልተመዘገበውም ገቢ አየር ነበር።

ይህንንም ለማስረዳት፥ ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ የተባለውን ፈሳሽ ማዕድን ከተወሰነ አየር ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል በእሳት አሞቀው። በባዜቃው ገጽ ላይ ቀይ ዱቄት ታየ፤ አየሩም ጐደለ። ከዚህ በኋላ ቀዩን ዱቄት ሰብስቦ መዘነው፤ ግሬን በሚባለው በጥንቱ የፈረንሳይ መለኪያ 45 ሆነ። ይህን ዱቄት በበረታ እሳት ቢያግለው 41 ተኩል ግሬን ባዜቃና ጥቂት ጋዝ ሰጠ። በወጪና በገቢ መካከል ያለው ልዩነት 3 ተኩል ግሬን ነው፤ ይህም የጋዙ ክብደት ነው። ጋዙን እንግሊዛዊው ፕሪስትሊና ስዊድናዊው ሼሌ ከእርሱ ቀደም ብለው አግኝተውት ነበር፤ ኦክስጂን የሚለውን ስም ያወጣለትና በማቃጠል ሥራ ውስጥ ያለውን ድርሻ የተረጐመው ግን ላቯዚዬ ነው።

በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፉ ሕጉን በግልጥ ጻፈው። በማናቸውም ሥራ ውስጥ የገባው ነገር ክብደትና የወጣው ነገር ክብደት እኩል ነው፤ አዲስ የሚፈጠር የለም፥ ጠፍቶ የሚቀርም የለም። ለመጽሐፉ የዕቃዎቹን ሥዕል የሣለችለት ባለቤቱ ማሪ አን ናት። ዛሬ ተማሪው በቀስቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ቍጥሮች እንዲያስተካክል የሚታዘዘው በዚሁ ሕግ መሠረት ነው።

ላቯዚዬ ግን የዘራውን ሲታጨድ ለማየት አልታደለም። የፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ ግብር ሰብሳቢዎቹ በሕዝብ ዘንድ እጅግ የተጠሉ ስለ ነበሩ ለፍርድ ቀረቡ። ሜይ 8 ቀን 1794 ላቯዚዬ ከሚስቱ አባትና ከሌሎች የሥራ ጓደኞቹ ጋር በሞት ተቀጣ። ዕድሜው ገና 50 ዓመት ነበር።

ስለ መጠን

የላቯዚዬ መዝገብ ድምሩን ያሳያል፤ የድርሻውን ሕግ ግን አይናገርም። ይህን የመረመረው ዦዜፍ ፕሩስት የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እርሱም በስፔን አገር፥ በሴጎቪያ የመድፈኞች ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሠርቷል። ፕሩስት የመዳብን ካርቦኔት መረመረ። ከመሬት ተቈፍሮ የወጣውም ሆነ በእጁ የሠራው፥ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ድርሻ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ቤርቶሌ የተባለው ታላቅ የአገሩ ሰው፥ ድርሻው እንደ ሁኔታው ሊለዋወጥ ይችላል ብሎ ተከራከረው። ሁለቱም ለብዙ ዓመታት ክርክራቸውን በጨዋነት አካሄዱ፤ በመጨረሻም የፕሩስት አሳብ ጸና።

ድርሻው ስለምን አይለዋወጥም? ለዚህ ምክንያት የሰጠው ጆን ዳልተን ነው። ዳልተን በ1766 በእንግሊዝ አገር ከሸማኔ አባት ተወለደ፤ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሕፃናትን ማስተማር ጀመረ፤ ዕድሜውን በብዛት ያሳለፈው በማንቸስተር ከተማ በመምህርነት ነው። በ1808 ባወጣው መጽሐፍ ላይ፥ ማናቸውም ንጥረ ነገር የራሱ ክብደት ካላቸው አቶሞች የተሠራ ነው ብሎ አስተማረ። አቶሞች ሲዋሐዱ አንድ ለአንድ፥ አንድ ለሁለት፥ ወይም ይህን በመሰለ ሙሉ ቍጥር ነው እንጂ እየተሸራረፉ አይደለም።

ለዚህም ከሰል ጥሩ ምሳሌ ነው። ካርቦን በሚነድበት ጊዜ ሁለት ልዩ ልዩ ጋዞችን ሊሰጥ ይችላል። በዛሬው ቍጥር ስንናገር፥ በአንደኛው ውስጥ 12 ግራም ካርቦን ከ16 ግራም ኦክስጂን ጋር ይገኛል፤ በሁለተኛው ውስጥ ያው 12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክስጂን ጋር ይገኛል። 32 የ16 እጥፍ ነው። በመካከላቸው 20 ወይም 27 ኦክስጂን የያዘ ጋዝ የለም። ሳንቲም ለሁለት ተቈርጦ እንደማይከፈል ሁሉ፥ አቶምም ተቈርጦ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ግን ዳልተን ከአንድ ችግር ላይ ወደቀ። ውሃን ብንመረምር፥ ለአንድ ግራም ሃይድሮጂን 8 ግራም ያህል ኦክስጂን ይገኛል፤ በዳልተን ዘመን የነበረው ምዘና ገና ስላልጠራ እርሱ በመጽሐፉ 7 ብሎ ጽፎታል። በውሃ ውስጥ አንድ የሃይድሮጂን አቶም ከአንድ የኦክስጂን አቶም ጋር ከተዋሐደ፥ የኦክስጂን አቶም የሃይድሮጂንን 8 እጥፍ ይከብዳል። ሁለት ሃይድሮጂን ከአንድ ኦክስጂን ጋር ከሆነ ግን 16 እጥፍ ይከብዳል። ከሁለቱ የትኛው ነው? በዚህ ጊዜ ሚዛን መልስ የለውም። የአንድ ክፍል ሠራተኞች የወር ደመወዝ ድምር ቢነገራችሁ፥ የሠራተኞቹን ቍጥር ሳታውቁ የእያንዳንዱን ደመወዝ ልትናገሩ ትችላላችሁን? አትችሉም። ዳልተን ተቃራኒ ማስረጃ እስካልተገኘ ድረስ ቀላሉን እንውሰድ ብሎ፥ ለውሃ አንድ ለአንድ የሚለውን መረጠ። ይህም ግምት እንጂ ማስረጃ አልነበረም።

ስለ ቍጥር

መፍትሔው ከሚዛን ሳይሆን ከጋዞች ስፋት መጣ። በ1808 ማለቂያ ላይ ፈረንሳዊው ጌ ሉሳክ፥ ጋዞች ሲዋሐዱ በስፋታቸው በኩል በቀላል ሙሉ ቍጥሮች እንደሚገናኙ አስታወቀ። ሁለት ስፍር ሃይድሮጂን ከአንድ ስፍር ኦክስጂን ጋር ተዋሕዶ ሁለት ስፍር የውሃ ተን ይሰጣል። ዳልተን ግን ይህን አልተቀበለም። በእኩል ስፍር ውስጥ እኩል ቍጥር ያላቸው አቶሞች አሉ ከተባለ፥ አንዱ ስፍር ኦክስጂን ለሁለት ስፍር ተን ሊዳረስ የሚችለው አቶሙ ከመካከሉ ሲከፈል ነው፤ አቶም ደግሞ አይከፈልም አለ።

በ1811 በሰሜን ኢጣልያ በቬርቼሊ ከተማ የሚያስተምር አንድ ሰው የዚህን እንቈቅልሽ ፍች ጻፈ። አሜዴኦ አቮጋድሮ ይባላል፤ በ1776 በቶሪኖ ተወልዶ መጀመሪያ የተማረው እንደ ላቯዚዬ ሕግ ነበር። የአቮጋድሮ አሳብ በሁለት ቃል የሚነገር ነው። አንደኛ፥ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆነ ጋዞች በእኩል ስፍር ውስጥ እኩል ቍጥር ያላቸው ሞለኪዩሎች ይይዛሉ። ሁለተኛ፥ የኦክስጂን ጋዝ ሞለኪዩል አንድ ብቻውን የቆመ አቶም ሳይሆን ሁለት ተጣምረው የሚኖሩ አቶሞች ናቸው። እንግዲህ የሚከፈለው ጥንዱ ነው፤ አቶሙ አልተነካም። ውሃም ሁለት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጂን ሆነ፤ የኦክስጂንም ክብደት 16 ሆነ።

ይህ ሁሉ ነገር በ1811 በጽሑፍ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ሰሚ አላገኘም። በዚያ ዘመን በኬሚስትሪ ዘንድ ከፍ ያለ ሥልጣን የነበረው ስዊድናዊው ቤርዜልዩስ፥ አቶሞችን የሚያስተሳስራቸው ተቃራኒ የሆነ የኤሌክትሪክ ጠባያቸው ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚህ አሳብ መሠረት ሁለት አንድ ዓይነት አቶሞች ይገፋፋሉ እንጂ አይጣመሩም። ቤርዜልዩስ በምዘና ትክክለኛነት በዘመኑ የሚተካከለው ጥቂት ነው፤ ዛሬም ንጥረ ነገሮችን በፊደል የምንጽፍበት ሥርዓት ከእርሱ የመጣ ነው። የታላቅ ሰው ስሕተት ግን ከታናሽ ሰው ስሕተት ይልቅ ብዙ ዘመን ይቈያል።

የመጣውን ጕዳት ተመልከቱ። በመቶ ዓመቱ አጋማሽ ላይ አንዱ መምህር ካርቦንን 6፥ ሌላው 12 ይለው ነበር፤ ኦክስጂን በአንዱ መጽሐፍ 8፥ በሌላው 16 ነበር። የአንዱን ሊቅ ሒሳብ ሌላው ሊያነበው አልቻለም። ጀርመናዊው ኬኩሌ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ፥ በኮምጣጤ ውስጥ ለሚገኘው ለአንዱ አሲድ ብቻ ልዩ ልዩ ሰዎች ያወጡለትን 19 ዓይነት አጻጻፍ ደርድሮ አሳይቷል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የብርን ዋጋ እንደ ወደደው እየወሰነ መዝገብ ቢጽፍ፥ የመንግሥት ሒሳብ ምን ይመስል እንደ ነበር ልትገምቱ ትችላላችሁ።

ስለ ስምምነት

ይህን ውዥንብር ለማጥራት በኬኩሌና በጓደኞቹ አሳሳቢነት ከመቶ የሚበልጡ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ ከሴፕቴምበር 3 እስከ 5 ቀን 1860 ተሰበሰቡ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ስታኒስላዎ ካኒዛሮ የተባለ የ34 ዓመት ሰው ነበር። በሲሲልያ በፓሌርሞ ተወልዶ፥ በ1848 በደሴቲቱ በተነሣው አብዮት ተካፋይ ሆኖ፥ አብዮቱ ሲከሽፍ ከአገሩ የተሰደደና በኋላ በጄኖቫ ያስተማረ ሰው ነው።

ካኒዛሮ አዲስ አሳብ አላመጣም። ያደረገው የአቮጋድሮን ጽሑፍ ገልጦ በሥራ ላይ ማዋል ነው። መንገዱንም በደመወዝ ምሳሌያችን ልንረዳው እንችላለን። የአንድ ክፍል ድምር ብቻ ቢታይ የአንዱ ሠራተኛ ደመወዝ አይታወቅም። የብዙ ክፍሎች ድምር ተሰብስቦ ሁሉም የ12 ብዜት ሆኖ ቢገኝ፥ ከ12ም የሚያንስ ድምር ፈጽሞ ባይታይ፥ የአንዱ ደመወዝ 12 ነው ማለት ይቻላል። ካኒዛሮም ካርቦን ያለባቸውን ጋዞች በእኩል ስፍር እያነጻጸረ በውስጣቸው ያለውን የካርቦን ክብደት ተመለከተ። በአንዱ 12፥ በሌላው 12፥ በሌላው 24 ሆኖ አገኘው፤ 6 የያዘ ግን አላገኘም። ስለዚህ የካርቦን አቶም ክብደት 12 ነው።

ጕባኤው በድምፅ ብልጫ እውነትን ሊወስን አልፈለገም፤ ደግሞም ተገቢ አልነበረም። ነገር ግን በፍጻሜው የካኒዛሮ ወዳጅ ፓቬዚ ካኒዛሮ በ1858 ያወጣውን ትንሽ ጽሑፍ ለተሰብሳቢዎቹ አደለ። ከተቀበሉት አንዱ ጀርመናዊው ሎታር ማየር ነው፤ ጽሑፉን ደጋግሞ ካነበበ በኋላ ጥርጣሬው ሁሉ እንደ ተገፈፈለት መስክሯል። ሌላው ተሰብሳቢ የ26 ዓመቱ ሩሲያዊ ሜንዴሌየቭ ነበር። በዘጠነኛው ዓመት፥ በ1869፥ ሜንዴሌየቭ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ መሠረት አወጣ። የተደላደለ የአቶም ክብደት ባይኖር ኖሮ ያንን ሰንጠረዥ በሥርዓት ማሰለፍ ባልተቻለም ነበር። አቮጋድሮ ግን ይህን ሁሉ አላየም፤ ከጕባኤው በፊት በ1856 ሞቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀረው፥ አቶሞችን በየግራሙ የሚቈጥር መስፈሪያ ማበጀት ነው። የባንክ ገንዘብ ያዥ አንድ ከረጢት ሙሉ ሳንቲም ቢቀርብለት፥ የአንዱን ሳንቲም ክብደት ካወቀ ከረጢቱን በመመዘን ብቻ ቍጥሩን ሊያወጣ ይችላል። ተማሪዎች «ሞል» የሚሉትም እንዲህ ያለ የመቍጠሪያ መስፈሪያ ነው፤ ደርዘን 12 እንደ ሆነ ሁሉ፥ ሞልም የተወሰነ ቍጥር ነው። የካርቦን ሞል 12 ግራም፥ የኦክስጂን አቶሞች ሞል 16 ግራም ይመዝናል። ፈረንሳዊው ዣን ፔሬን በ1909 ቍጥሩን ከልዩ ልዩ ምርመራ አስልቶ በአቮጋድሮ ስም ሰየመው። ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ ቍጥሩ በዓለም አቀፍ ውሳኔ ለዘለቄታው ተወስኗል፤ 602,214,076 ተጽፎ ከኋላው 15 ዜሮ ይከተለዋል።

ስለ ጥቅሙ

አሁን ወደ ላቯዚዬ ቀይ ዱቄት እንመለስና ሒሳቡን እንመርምርለት። በዛሬው ሰንጠረዥ የባዜቃ አቶም ክብደት 200.6፥ የኦክስጂን 16 ነው፤ የቀዩ ዱቄት ድምር 216.6 ይሆናል። 45ን በ200.6 አባዝተን ለ216.6 ብናካፍል 41.68 እናገኛለን። ላቯዚዬ በሚዛኑ ያገኘው 41.5 ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው የእጅ ሥራና የዛሬው ሒሳብ ልዩነታቸው ከአንድ ግሬን አንድ አምስተኛ አይሞላም።

ሁለተኛው ሒሳብ ደግሞ የየቤታችን ሒሳብ ነው። በአዲስ አበባ በቅዝቃዜው ወራት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ ሰው አለ። አንድ ኪሎ ከሰል ንጹሕ ካርቦን ነው ብለን እንውሰድ። 12 ካርቦን 32 ኦክስጂን ስለሚፈልግ፥ አንድ ኪሎው በሙሉ ለመንደድ 2.67 ኪሎ ኦክስጂን ይፈጃል። ከአየር ክብደት ውስጥ ኦክስጂን በመቶ 23 ያህል ስለ ሆነ፥ 11.6 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.9 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፥ የሚፈለገው አየር ወደ 13 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህም ርዝመቱ 3፥ ወርዱ 2፥ ከፍታው 2.2 ሜትር የሆነ ክፍል የሚይዘው አየር በሙሉ ነው።

አደጋው ግን አየሩ እስኪያልቅ ድረስ አይጠብቅም። ኦክስጂን ሲያንሰው ካርቦን ከ32ቱ ይልቅ 16ቱን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ይኸውም ከላይ የጠቀስነው አንደኛው ጋዝ፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ከሰሉ ፍም ሆኗል፥ ጭሱም አልቋል ማለት መተማመኛ አይሆንም፤ ገዳዩ የማይታየው ነውና። ስለዚህ የነደደ ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይደር። በ16ና በ32 መካከል ያለው ልዩነት ለተማሪው የፈተና ነጥብ ነው፤ ለቤተ ሰቡ ግን የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ልጃችሁ ደብተሩን ይዞ በመጣ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁት። የገባውና የወጣው እኩል ነውን? ድርሻው በሙሉ ቍጥር ነውን? የምትቈጥረውስ አቶም ነው ወይስ ሞለኪዩል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ላቯዚዬ፥ ሁለተኛውን ዳልተን፥ ሦስተኛውን አቮጋድሮ ያስተማሩን ነው። እነዚህን ሦስቱን በማስተዋል የመለሰ ተማሪ፥ የቀረው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

ለእኛ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ለምንሠራው የሚተርፍ አንድ ምክር አለ። ትክክለኛው መልስ ሃምሳ ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ የጠፋው ገልጦ የሚያነበው ሰው ነው። በመዝገብ ቤት የሚገኝ አሮጌ ፋይል ሁሉ ዋጋ ያለው ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሒሳብ አልገጥም ባለ ጊዜ፥ ትልቁ ሰው የተናገረውን ብቻ ደግሞ ከማሰማት በፊት፥ ትንሹ ሰው የጻፈውንም አንሥቶ ማንበብ ተገቢ ነው።